ስሙ የሰይጣን፣ ነገሩ የሞት፦ ስለ አንድ የኖርዌይ አልበም



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አልበም ነው። ስሙ «ዴ ሚስቴሪስ ዶም ሳታናስ» ይባላል። ያወጣው ሜይሄም የተባለ የኖርዌይ ብላክ ሜታል ባንድ ሲሆን ለሕዝብ የቀረበው በሜይ 1994 ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። ከግጥሞቹ አብዛኞቹን የጻፈው ድምፃዊ አልበሙ ሳይቀዳ በ22 ዓመቱ ራሱን አጥፍቷል። ባንዱን ከመሠረቱት አንዱ የነበረው ጊታሪስት አልበሙ ሳይወጣ ተገድሏል። የገደለው በዚያው ቅጂ ላይ ቤዝ የተጫወተው ሰው ነው። ይህን ገና ከመጀመሪያው የምነግራችሁ በኋላ ከሌላ ሰው ስትሰሙት የደበቅኋችሁ እንዳይመስላችሁ ነው።

ስለዚህ አልበም ሁለት ወገን ሲናገር እሰማለሁ። አንደኛው «የሰይጣን አምልኮ ነውና ደጃችሁ እንዳይደርስ» ይላል። ሌላኛው «ፊታቸውን ተቀብተው የሚጮኹ ልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። አርባ ስድስት ደቂቃ ያህል የሚፈጀውን ይህን ሥራ ደጋግሞ የሰማ ሰው ስለ ሰይጣን የተሰናዳ ትምህርት አያገኝበትም፤ ሰይጣኑ በስም አለ፣ በሽፋኑ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ስስ ነው። ወፍሮ የሚሰማው ሞት ነው። አንድ የበለጸገና የተረጋጋ ሕዝብ ከመድረኩም ከመስበኪያውም ገለል ያደረገው የሞት ፍርሃት በእነዚህ ወጣቶች በኩል ተመልሶ መጣ፤ የመጣበት ልብስ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የተወሰደ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

ከኖርዌይ ሃይማኖት ልጀምር። ኖርዌይ ለእኛ ባዕድ አገር አይደለችም። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ከ1948 ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ሠርቷል፤ የይርጋለምን ሆስፒታል የሚያውቅ ሰው የኖርዌይ ሐኪሞችንና ነርሶችን ስም ያነሣል፤ በ1959 በተመሠረተችው በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ውስጥ ኖርዌያውያን ቦታ አላቸው። ያ ሚሲዮን የተቋቋመው በ1891፣ ወንጌልን ወደ ቻይና ለመላክ፣ በምዕራብ ኖርዌይ በበርገን ከተማ ነበር። የዛሬው አልበማችንም የተቀዳው በዚያችው በበርገን ነው። ምዕራብ ኖርዌይ ለረጅም ዘመን የጸሎት ቤቶች አገር ነበር፤ ዓሣ አጥማጁና ገበሬው ማታ ማታ ተሰብስቦ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብበት፣ መጠጥና ዳንስ የሚወገዝበት፣ ኃጢአትና ንስሓ በየቤቱ የሚወሳበት አገር። የዚህ መነቃቃት አባት የሚባለው ሐንስ ኒልሰን ሃውገ ከ1771 እስከ 1824 የኖረ የገበሬ ልጅ ነው፤ ካህን ሳይሆን እየዞረ በመስበኩ ለዓመታት ታስሯል። እኛ አገር ሆስፒታል የሠሩት ሰዎች የዚህ ዓይነቱ እምነት ልጆች ናቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቀን አለች፤ ስለ ብላክ ሜታል የሚጽፉ ሰዎች ብዙም አያነሷትም፣ ለእኔ ግን የነገሩ መክፈቻ እርስዋ ናት። በጃንዋሪ 1953 ኡለ ሃለስቢ የተባሉ ስመ ጥር የነገረ መለኮት ፕሮፌሰር በመንግሥት ሬዲዮ ሰበኩ። ስብከታቸው ለመላው አገር ተሰማ። ንስሓ ሳትገቡ እንዴት ተረጋግታችሁ ትተኛላችሁ፣ ጧት ከአልጋችሁ ትነቁ ወይስ በሲኦል ትነቁ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ የሚል ነበር ይዘቱ። አገሩ ተናወጠ። የሃማር ጳጳስ ክርስቲያን ሼልደሩፕ ተነሥተው የዘለዓለም ቅጣት ትምህርት በፍቅር ሃይማኖት ውስጥ ቦታ የለውም ብለው ጻፉ። ጋዜጦቹ ለወራት ስለ ሲኦል ተከራከሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ የመንግሥት ስለነበረች ጉዳዩ እስከ ካቢኔ ደረሰ፤ በ1954 መንግሥት ጳጳሱ ከቤተ ክርስቲያኒቱ እምነት አልወጡም ብሎ ወሰነ። አስቡት፤ ሚኒስትሮች ተቀምጠው ስለ ሲኦል ውሳኔ ሰጡ።

እኔ በጳጳሱ አልፈርድባቸውም። ሕፃናትን በእሳት ከማስፈራራት የእሳቸው መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ። ግን ከዚያ ወዲህ የሆነውን ማየት አለብን። ሲኦል ቀስ በቀስ ከኖርዌይ መስበኪያ ወረደ። በ1980ዎቹ ወጣት የነበረ ኖርዌያዊ አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አባል ነበር፤ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ያህል ተመዝግቦ ነበርና። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ግን ለጥምቀት፣ ለሰርግና ለቀብር ነው። የሚሰማው ቃል ለስላሳ፣ ቅን፣ ማንንም የማያስከፋ ነው። መንግሥት ያስተምረዋል፣ ያሳክመዋል፣ ሲሞትም በሥርዓት ይቀብረዋል። ዓይኑን ከፍቶ «እኔስ ስሞት ምን እሆናለሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን የሚመልስለት ድምፅ እየሳሳ ሄዷል።

በ1991 ኦይስታይን ኦሽት የሚባል የ23 ዓመት ወጣት ኦስሎ ውስጥ የሙዚቃ ሱቅ ከፈተ። የሱቁን ስም «ሄልቬተ» አለው፤ በኖርዌይኛ ሲኦል ማለት ነው። ሃለስቢ በሬዲዮ ከተናገሩ አርባ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ወጣቱ ስለ 1953ቱ ክርክር አስቦ ነው የሰየመው አልልም። ሲኦል የሚለው ቃል ከመስበኪያ ወርዶ ከሱቅ በር በላይ ተለጥፎ መታየቱ ግን ስለ አገሪቱ ነፍስ የሚናገረው ነገር አለ።

ኦሽት በመድረክ ስሙ ዩሮኒመስ ይባላል። ሜይሄምን በ1984 ከጓደኞቹ ጋር ሲመሠርት ገና የትምህርት ቤት ልጅ ነበር። ሰይጣንን ያገኘው በሙዚቃ በኩል ነው። ከእንግሊዝ ኒውካስል የመጣው ቬነም የተባለ ባንድ በ1982 «ብላክ ሜታል» የሚል አልበም አውጥቶ ነበር፤ የዘውጉ ስም የመጣው ከዚያ ነው። የቬነም ሰይጣን የመድረክ ሰይጣን ነበር፤ ሰዎቹ ራሳቸው ለትርዒት እንደሆነ አልደበቁም። የኖርዌይ ልጆች ግን ከምራቸው ወሰዱት። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ አንዱ ለመዝናኛ የሠራውን ሌላው በሩቅ አገር ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ሲሰማው ትምህርት ያደርገዋል።

በዚያን ጊዜ የተደራጀ የሰይጣን ሃይማኖት አልነበረም ማለት አይደለም። አሜሪካዊው አንቶን ላቬይ በ1966 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሰይጣን ቤተ ክርስቲያን ያለውን ድርጅት አቋቁሞ በ1969 መጽሐፉን አሳትሟል። የላቬይ ሰይጣን አካል የለውም፤ የሥጋ ፍላጎትና የራስ ፈቃድ ምልክት ነው፤ መጽሐፉም በሕይወት ዘመንህ ተደሰት የሚል ነው። ዩሮኒመስ ይህን ናቀው፤ ለሕይወት የሚያደላ፣ የለዘበ ነገር ነው አለ። እሱ በቃለ መጠይቆቹ እንደሚለው የሚያምነው አካል ያለው፣ ቀንድ ያለው፣ የመካከለኛው ዘመን ሰባኪዎች የሳሉትን ዲያብሎስ ነው፤ የሰው ልጅ ነፃነት ሳይሆን ባርነትና ሐዘን እንዲበዛም እፈልጋለሁ ይል ነበር። ቀደም ሲል የኮሚኒስት ወጣቶች ድርጅት አባል እንደነበረ ሲታወስ፣ ወደ ፍጹም ሥልጣን የሚሳብ ልብ እንደነበረው ይታያል።

ልብ በሉ፤ እንዲህ ያለውን ዲያብሎስ የሚያስተምረው ማን ነው? ስለ ዲያብሎስ ቀንድና ስለ ሲኦል ጨለማ ያለ ቤተ ክርስቲያን ማንም አይነግረንም። ዩሮኒመስ የዘመኑ ሰባኪዎች ያለፉትን የቀድሞዎቹን ሰባኪዎች ትምህርት አንሥቶ ገልብጦ ያዘው። ስለዚህ በአልበሙ ላይ የመጀመሪያው መንፈሳዊ ተጽዕኖ የክርስትና ነው ስላችሁ ነገር ለማጋነን አይደለም። ምን ያህሉን ከልቡ ያምን እንደነበር የሚያውቁት ሰዎች ራሳቸው አይስማሙም። እኔን የሚያሳምነኝ በቃለ መጠይቁ ካለው ይልቅ በጊታሩ ያለው ነው፤ ወደ ጊታሩ ስንመጣ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ልምጣ። ፔር ኢንግቨ ኡሊን በ1969 በስዊድን ተወለደ። ለመድረክ የመረጠው ስም ዴድ፣ ሙት ማለት ነው። በልጅነቱ ክፉኛ ተጎድቶ፣ ጣፊያው ተቀድዶ ሆስፒታል ገብቶ ነበር፤ ቤተሰቡ በትምህርት ቤት ልጆች ስለደረሰበት ድብደባ ተናግረዋል። እሱ ራሱ ያን ጊዜ ሞቶ እንደተመለሰ፣ ከዚህ ዓለም ያልሆነ ነገር እንዳየ ያምን ነበር። ከዚያ ወዲያ ራሱን ከሕያዋን ወገን አልቆጠረም። በ1988 ወደ ኖርዌይ ተሻግሮ ሜይሄምን ተቀላቀለ። ፊቱን ነጭና ጥቁር ሲቀባ ሬሳ ለመምሰል ነበር። ለመድረክ የሚለብሰውን ልብስ አፈር ውስጥ ይቀብረውና የትርዒቱ ዕለት አውጥቶ ይለብሰዋል፤ የመቃብር ሽታ እንዲኖረው።

ይህን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ልትሥቁ ትችላላችሁ። እባካችሁ አትሣቁ። ይህ ወጣት ታሞ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ዙሪያውን የከበቡት ልጆች ደግሞ ሕመሙን ጥበብ ብለው አጨበጨቡለት። በኤፕሪል 1991 ከኦስሎ ወጣ ባለ መንደር ባንዱ በሚኖርበት ቤት ራሱን አጠፋ። አስከሬኑን ያገኘው ዩሮኒመስ ነው። ፖሊስ ከመጥራቱ በፊት ፎቶግራፍ አነሣው። በዚህ የተቆጣው የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ዩርን ስቱበሩድ ትቷቸው ሄደ። ስለ ሜይሄም ብዙ ነገር በአድናቆት የሚናገሩ ሰዎች ይህቺ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ስቱበሩድ ግን ያኔውኑ ክፉ ነው ብሎ ወጣ። እኔ ከእሱ ጋር ነኝ።

ዴድ የተወው ግጥም ምን ይመስላል? በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፣ በሁለተኛ ቋንቋ፣ ሰዋስዉ አንዳንዴ የሚንገዳገድ፤ ግን የራሱ ዓለም አለው። ያ ዓለም ከዲያብሎስ ይልቅ የካርፓቲያ ተራሮች፣ የትራንሲልቫኒያ ጭጋግ፣ የጨረቃ ብርሃን፣ ከመቃብር የሚነሡ ሰዎች ዓለም ነው። «ፊዩነራል ፎግ» ላይ ጭጋግ ወርዶ የሕያዋንን ትንፋሽ ይወስዳል። «ፍሪዚንግ ሙን» ላይ አንዲት ነፍስ የሞተችበትን ሌሊትና ስፍራ እንደ ሩቅ ሕልም ታስታውሳለች። «ፔገን ፊርስ» ላይ ያለፉት ዘመናት አልሞቱም፤ አያቶቻችን የፈሩት ፍርሃት በእኛ ደም ውስጥ አለ። ይህ ከየት መጣ ብትሉ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የገጠር እምነት ነው፤ በደንብ ያልተቀበረ፣ ያልተለቀሰለት፣ በሕይወቱ ያልጠገበ ሰው ወደ ዘመዶቹ ይመለሳል ከሚለው ከጥንቱ ፍርሃት። ያ እምነት በልብ ወለድና በፊልም ዞሮ ዞሮ ስዊድን ያለ አንድ ልጅ ዘንድ ደረሰ። ልጁም በእምነቱ ውስጥ ራሱን አገኘ፤ እሱም ሞቶ የተመለሰ ነኝ ባይ ነበርና።

ከስምንቱ ዘፈኖች ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው «ላይፍ ኢተርናል» ነው፣ የዘለዓለም ሕይወት። በእርጋታ የሚሄድ፣ ጊታሩ እየተንሰራፋ የሚያለቅስበት ዘፈን ነው። ስሙ ክርስቲያን ሁሉ በጸሎተ ሃይማኖት ላይ የሚናገረው ቃል ነው። ተናጋሪው ከሥጋው ለመውጣት የሚመኝ ሰው ነው፤ ከሄድኩ በኋላ ከእኔ ምን ይቀራል ብሎ ይጠይቃል። ጥላቻ የለበትም፤ ስድብም የለበትም። ሰይጣንን በጭራሽ አታገኙበትም። ይህን ቃል የጻፈው ሰው ሲጽፍ ለመሄድ ተሰናድቶ እንደነበር እናውቃለን፣ ስለዚህ በቀላሉ ልንሰማው አንችልም። እኔ እንደማምነው ይህ ዘፈን ጸሎት ነው፤ ለማን እንደሚጸልይ የማያውቅ ሰው ጸሎት።

ለአልበሙ ስሙን በሰጠው በመጨረሻው ዘፈን ላይ ግን ምሥጢራዊ ሥርዓት ሁሉ አለ፤ ጥንታዊ ፍርስራሽ፣ ጨለማ፣ ክብ ሠርተው የቆሙ አሥራ ሦስት ሰዎች፣ ከሰው ሥጋ የተሠራ መጽሐፍ፣ መሥዋዕት። እንዲህ ያለው መጽሐፍ በእውነተኛ የአስማት መጻሕፍት ታሪክ ውስጥ የለም። አሜሪካዊው ደራሲ ላቭክራፍት በ1920ዎቹ ከጻፈው የፈጠራ ታሪክና እሱን ከተከተለው የአስፈሪ ፊልም ዓለም ነው የመጣው። የአልበሙ ላቲንም የተሰበረ ነው፤ «የጌታ ሰይጣን ምሥጢራት» ለማለት የታሰበ ስም ነው፣ ላቲን የተማረ ሰው ግን ያርመዋል። ይሁንና የስሙ አገባብ በሁለት ታላላቅ መጻሕፍት ላይ አለ። በ300 ዓ.ም. ገደማ የኖረው ፈላስፋ ኢያምብሊኮስ ስለ ግብፃውያንና ከለዳውያን ምሥጢራት የጻፈው መጽሐፍ በላቲን «ዴ ሚስቴሪስ» ይባላል። በአራተኛው መቶ ዘመን የሚላኑ ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስዮስ አዲስ ለተጠመቁ ሰዎች ስለ ጥምቀትና ስለ ቁርባን ያስተማረው መጽሐፍም «ዴ ሚስቴሪስ» ነው። ባንዱ እነዚህን አንብቦ ነበር ለማለት አልደፍርም። ስሙን ከየትም ያምጡት፣ ቅርጹ ጳጳስ ምእመናንን የሚያስተምርበት መጽሐፍ ቅርጽ ነው።

እስኪ ወደ ድምፁ እንሂድ። ቀረጻው የተካሄደው በበርገን ግሪግሃለን በሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ ነው። አዳራሹ በ1978 የተከፈተ፣ የከተማይቱ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቤት ነው፤ ስሙም የኖርዌይን ስም በዓለም ያስጠራው የዜማ ደራሲ የኤድቫርድ ግሪግ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ኤይሪክ ሁንድቪን፣ ሁሉም ፒተን የሚለው፣ የዚያን ዘመን የኖርዌይ ብላክ ሜታል አልበሞች ብዙዎቹን እዚያው ቀርጿል። የሜታል ባንዶች በጠባብ ክፍል ደረቅ ድምፅ በሚቀዱበት ዘመን የዚህ አልበም ከበሮ የትልቅ አዳራሽ አየር አለበት። ከበሮውን የሚመታው ሄልሃመር የተባለው ያን አክሰል ብሎምበርግ ነው፤ ፍጥነቱ አስደናቂ ነው፣ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ በምቶቹ መካከል የሚሰማው ስፋት ነው።

ጊታሩን እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። የሮክ ጊታር ብዙ ጊዜ ወፍራምና አጭር አጭር ነው። ዩሮኒመስ ግን ሙሉ ኮርዶችን ይይዝና ክሮቹን ሳያቋርጥ በከፍተኛ ፍጥነት ይመታቸዋል። ክረምት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሰው ጠብታዎቹን ለየብቻ እንደማይሰማ፣ እዚህም ምቶቹ ተዋሕደው አንድ የሚንሳፈፍ ጥላ ይሆናሉ፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ ዜማው ቀስ ብሎ ይወጣል። ዜማው ያዘነ ነው። የትሮንድሄም ልጅ ስኖሬ ሩክ ያመጣቸው የዜማ ሐሳቦችም በዚህ አሠራር ላይ ታላቅ ድርሻ አላቸው፤ ስሙ ከዩሮኒመስ ጀርባ ስለሚጠፋ ነው የማነሣው። ሐዘን እንዲበዛ እፈልጋለሁ ያለው ሰው ይህን ሲጫወት የምሰማው ራሱ ያዘነ ሰው ነው። በቃለ መጠይቁ ያለው ኩራት ጊታሩ ላይ የለም።

ዴድ ሞቶአል፤ ቃሉን ማን ይዘምረው? ዩሮኒመስ ወደ ቡዳፔስት ጻፈ፤ ቶርሜንቶር የተባለ ባንድ ድምፃዊ የነበረውን አቲላ ቺሃርን ጠራው። ሃንጋሪያዊ ነው። ትራንሲልቫኒያ ለረጅም ዘመን የሃንጋሪ መንግሥት ክፍል ነበረች፣ ዛሬም የሩማንያ ሆና ብዙ ሃንጋሪያውያን ይኖሩባታል። የስዊድኑ ልጅ በሕልሙ የኖረባትን አገር የሚያውቅ ጎረቤት መጥቶ ቃሉን ዘመረለት። በ1990ዎቹ አድማጮች የለመዱት የብላክ ሜታል ድምፅ ቀጭን ጩኸት ነበር። አቲላ አይጮኽም፤ ያጉተመትማል፣ ይተነፍሳል፣ ያቃስታል፣ በሃንጋሪኛ ዘዬ እንግሊዝኛውን ይጎትተዋል። በመጨረሻው ዘፈን ላይ ደግሞ በወፍራም ድምፁ ያንን የተሰበረ ላቲን እንደ መነኩሴ ያዜመዋል። ኖርዌይ በ1537 ወደ ሉተራንነት ስትገባ የላቲኑ ቅዳሴ ቀስ በቀስ ከአብያተ ክርስቲያናቷ ወጥቶ ነበር። በበርገን ስቱዲዮ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያንን እንጠላለን በሚሉ ሰዎች ትእዛዝ፣ የድሮው የገዳም ድምፅ ተመለሰ። ብዙ አድናቂዎች መጀመሪያ አልወደዱትም፤ ዴድን ጠብቀው ነበርና። ዛሬ ግን አልበሙን ያለ አቲላ ማሰብ አይቻልም፤ ቃሉን የቅዳሴ መልክ የሰጠው እሱ ነው።

ስለ ወንጀሉ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከ1992 ጀምሮ በዚህ ክበብ ውስጥ የነበሩ ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናትን ማቃጠል ጀመሩ። በጁን 1992 በበርገን አጠገብ የነበረው፣ በ12ኛው መቶ ዘመን ከእንጨት የተሠራው የፋንቶፍት ቤተ ክርስቲያን ነደደ። በዚያው ዓመት ሊልሃመር ውስጥ የሌላ ባንድ ከበሮ ተጫዋች አንድ ሰው ገደለ። በአልበሙ ላይ ቤዝ የተጫወተው ቫርግ ቪከርነስ በዲያብሎስም ሳይጸና ወደ ኦዲን አምልኮና ወደ ዘረኝነት የሄደ ሰው ነው፤ በኦገስት 1993 ዩሮኒመስን በኦስሎ መኖሪያው በስለት ወግቶ ገደለው። በሜይ 1994 በግድያውና አብያተ ክርስቲያናትን በማቃጠል 21 ዓመት ተፈረደበት። የፋንቶፍቱ ክስ ግን አልጸናበትም። ከእሱ ጋር የተጓዘው ስኖሬ ሩክም 8 ዓመት ተፈረደበት። አልበሙ ከፍርዱ በኋላ በዚያው ወር ወጣ። የሟቹ ወላጆች የልጃቸው ገዳይ የተጫወተው ቤዝ እንዲወጣ ሄልሃመርን ለምነውት ነበር። እሺ ብሎ ሳይለውጠው ተወው፤ በኋላም ገዳይና ሟች በአንድ ቅጂ ላይ መገኘታቸው ተገቢ መስሎ እንደታየው ተናገረ።

እዚህ ላይ ዝም አልልም። እናትና አባት ልጃቸውን ቀብረው የጠየቁት አንዲት ነገር ነበረች። ለሥነ ጥበብ ታሪክ ሲባል አልተደረገችም። እኔ ያን አልበም በሰማሁ ቁጥር ቤዙ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የሚሰማኝ ምሥጢር አይደለም፤ የወላጆቹ ልመና ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ግድያውና እሳቱ ለሙዚቃው ጥልቀት እንደጨመሩለት አድርገው ይጽፋሉ። ስሕተት ነው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። «ፍሪዚንግ ሙን» ከእሳቱና ከግድያው በፊት ተጽፎ ተጠናቆ ነበር። ማንም ሰው ባይገደል ኖሮ ዜማው በአንዲት ኖታ አይጎድልም ነበር። ስለት ያነሣው ሰው ለዚህ ሥራ የሰጠው ነገር ቢኖር በሩ ላይ የሚሰበሰብ የወሬ ጥመኛ ብቻ ነው።

ሽፋኑ ላይ ያለው ሕንጻ በትሮንድሄም የሚገኘው የኒዳሮስ ካቴድራል ነው። በ1030 በጦር ሜዳ የወደቀው ንጉሥ፣ በኋላ ቅዱስ የተባለው ኡላቭ፣ የተቀበረበት ስፍራ ላይ ነው ሥራው በ1070 ገደማ የተጀመረው። ለዘመናት ከመላው ሰሜን አውሮፓ ምእመናን በእግር ተጉዘው ይሳለሙት ነበር። ባንዱ ፎቶግራፉን በጥቁር ሰማያዊ ጨለማ ውስጥ አስገብቶ ሽፋን አደረገው። እንደ ዛቻ ታስቦ ይሆናል። ነገር ግን ተመልከቱት፤ ሕንጻው አልተነካም፣ አልተሰበረም፣ ግርማው ሁሉ አለ። ሞትን ለመናገር ሲፈልጉ በአገራቸው ከዚህ የሚበልጥ ሥዕል አላገኙም። ስፍራው እኮ በመቃብር ላይ የተሠራ ነው፤ ሙታንን የሚያስታውስ፣ ሕያዋን ስለ ሞት እንዲያስቡ የሚያስገድድ ቤት ነው። ለስላሳው የዘመኑ ስብከት ያልሰጣቸውን ነገር ከመካከለኛው ዘመን ድንጋይ ፈለጉት።

ከመካከላችሁ አማኝ የሆነ ሰው ይህን መስማት ይገባኛል ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። የሕሊና ጉዳይ ነውና ማንንም አላስገድድም። ለወላጆች ግን አንድ ነገር እላለሁ። ልጃችሁ ክፍሉን ዘግቶ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ሲሰማ ብታገኙት ከመቆጣታችሁ በፊት አብራችሁት ተቀመጡ፣ የትኛውን ዘፈን እንደሚወድና ለምን እንደሚወደው ጠይቁት። ዴድን ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀውም ለማለት አልችልም። ከሞተ በኋላ ግን ሁሉም ስለ ፊት ቀለሙና ስለ ልብሱ ተናገረ፣ ስለ ልጅነት ጉዳቱ የጠየቀ ጥቂት ነው።

አሁን አዳራሹ ውስጥ ባሉት ድምፅ ማጉያዎች ሁለት ቅጂ አሰማችኋለሁ። የመጀመሪያው በኖቬምበር 1990 በጀርመን ላይፕሲግ፣ ሁለቱ ጀርመኖች በተዋሐዱ በሁለተኛው ወር፣ ከመድረክ የተቀዳው «ፍሪዚንግ ሙን» ነው። የሚዘምረው ዴድ ነው፤ ቅጂው ሸካራ ነው፣ ድምፁ ግን ቅርብ ነው። ቀጥሎ ያንኑ ዘፈን ከአልበሙ ላይ በአቲላ ድምፅ እናሰማለን። የመጀመሪያውን ስትሰሙ ቃሉ የራሱ የሆነውን ሰው ስሙ፤ ሁለተኛውን ስትሰሙ ደግሞ ያንኑ ቃል ሥርዓተ ቀብር እንደሚያከናውን ካህን አድርጎ የሚይዘውን ሰው ስሙ። ሁለቱ ሲያበቁ ለጥያቄ እንመለሳለን፤ መውጣት የሚፈልግ ሰው ካለ በሩ ክፍት ነው።